የልጄን ቀርፋፋነት ላወቁልኝ አለቃ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ራንዶልፍ ኬሲንገር፣ የቡድኑ የተጫዋቾች ምልመላ የበላይ ኃላፊ፣ ያሉበት ሰሜን አገር ድረስ።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ዓይንዎ እንደምን ከርሟል? እኛ በሚሲሲፒ የዊሎ ፎርድ ነዋሪዎች ከዝናቡና ከትንኙ በስተቀር ደህና ነን። ስለ ዓይንዎ አጥብቄ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቡድኑ ዕድል በሙሉ በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነና ባለፉት ዓመታት የመረጧቸውን ልጆች ጨዋታ አይቼ ከልብ ስለተጨነቅሁልዎ ነው።

ማርቬል ኦትሪ እባላለሁ፤ የኤመሪ ኦትሪ እናት ነኝ። ልጄ፣ እግር ኳስ ብለን ጠርተነው ሁሉን ነገር በእጅ በምንሠራበት በዚህ ጨዋታችን፣ ለዩኒቨርሲቲው ኳርተርባክ ሆኖ፣ ማለትም ጨዋታውን እየጠራና ኳሱን እየወረወረ ቡድኑን የመራ ልጅ ነው። በመጪው ሐሙስ ማታ እናንተ ትልልቆቹ ቡድኖች ተራ በተራ ተጫዋች በምትመርጡበት ጊዜ፣ በመጀመሪያው ምሽት ከሚጠሩት አንዱ ይሆናል ሲባል ከርሞ ነበር። ከዚያ ስሙ እንዳይጠቀስ የፈለገ አንድ የቡድንዎ መልማይ ለጋዜጣ ቃሉን ሰጠ። ስሙን ቢደብቅም፣ የተናገረው ሁሉ ልጄ በእናንተ ክፍል ውስጥ ብቻ የተጠየቀውን ስለሆነ፣ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አላስፈለገኝም። አሁን በምርጫው የመጨረሻ ቀን እንኳ የልጄ ስልክ ላይጮህ ይችላል ይላሉ። እርሱ ጋዜጣውን አንብቦ አጠፈው። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ ስለዚህ የተሰማኝን በዚያው ጋዜጣ ላይ፣ ስሜን ሳልደብቅና ከሙሉ አክብሮት ጋር፣ ተራ በተራ ላቀርብልዎ ወደድሁ።

አንደኛ፣ ስለ እጁ። ልጄን ከእኩዮቹ ጋር በቁምጣ ብቻ መድረክ ላይ አቁማችሁ ቁመቱንና ክብደቱን ከለካችሁ በኋላ፣ እጁን አስዘርግታችሁ ከአውራ ጣቱ ጫፍ እስከ ትንሿ ጣቱ ጫፍ መለካታችሁን ሰምቻለሁ። በሬ የሚገዛ ሰው ጥርስ ያያል፤ አይፈረድባችሁም። ከምትፈልጉት ሩብ ኢንች ጎድሎ ስለተገኘ፣ በእናንተ ከተማ ብርድ ኳስ ያመልጠዋል ተባለ። ትንሿ ጣቱ በልጅነቱ በአባቱ በክላይድ የጋዝ ማድረሻ መኪና በር ተቀርጥፋ ተጣማ የቀረች መሆኗን ግን የጠየቀ የለም፤ ማስመሪያ አይጠይቅምና።

ወሬው ዊሎ ፎርድ በደረሰ ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች እጁን ለማርዘም ተረባረቡ። አንዷ የዝይ ሞራ ይዛ መጣች። ዲያቆን ኦቲስ ደግሞ ትልቅ ዱባ ተሸክሞ መጥቶ፣ «ይህን ጨብጠህ ተኛ። አጎቴ እጁ አካፋ ያከለው በሌላ እንዳይመስልህ» አለው። ልጄ ሽማግሌ ላለማስቀየም ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ዱባ አቅፎ አደረ። እጁ ያው ነው፤ ዱባውን በልተነዋል። ስለ ትልቅ እጅ ጥቅም ግን ከእርስዎ ጋር ክርክር አልገጥምም፤ ያለፈው ዓመት ኳርተርባክዎ በእነዚያ ሰፋፊ እጆቹ ኳሱን ምን ያህል አሳምሮ ለተጋጣሚ ያቀብል እንደነበር አገር ያየው ነው።

ሁለተኛ፣ የድል ረሃብ የለውም ስለመባሉ። በቃለ መጠይቁ ላይ «ኳስ ባይኖር ኖሮ ምን ትሠራ ነበር?» ብላችሁ ጠየቃችሁት፤ «የንግግር ሕክምና አጠና ነበር» ብሎ መለሰላችሁ። መልማይዎ ከዚህ ተነስቶ ልቡ ሌላ ቦታ ነው የሚል ፍርድ ሰጠ። ልጄ ከኳስ ውጭ አንድ ነገር ማሰብ በመቻሉ ለደረሰባችሁ ድንጋጤ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አስተዳደጉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ግን ከስንት ሙያ መካከል የንግግር ሕክምናን ለምን መረጠ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው በዚያ ክፍል አልነበረም። ይህን እዚህ ላይ ያዙልኝ።

ሦስተኛ፣ ወደ ከተማችን ስለላኩት እንግዳ። የሰውዬውን ትጋት ሳላደንቅ ባልፍ እግዚአብሔር ይታዘበኛል። የመቃብር ድንጋይ ነጋዴ ነኝ ብሎ መጣ። የቡድንዎን ጃኬት ለብሶ፣ ዓርማው ላይ ፕላስተር ለጥፎ፣ ሚስ ፐርሊን ምግብ ቤት የተጠበሰ ዓሣና የበቆሎ ዳቦ እየበላ ስለ ኤመሪ ይጠይቅ ጀመር። በከተማችን የመቃብር ድንጋይ የሚሸጥ ሰው ስለ ኳርተርባክ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው፤ ቢሆንም ሰው አናሳፍርም ብለን ዝም አልን። ሚስ ፐርሊን እንዲያውም ለነፍስ ኄር ባሏ አንድ ድንጋይ አዛለች፤ እስካሁን ስላልደረሳት ቢያስታውሱልኝ።

እርግጥ ነው፣ እኛም አስቀድመን ተዘጋጅተን ነበር። እንደዚህ ያለ ሰው መምጣቱ ስለማይቀር፣ ፓስተር ሁበርት እሑድ ከስብከቱ በኋላ ምእመኑን አስቀምጦ መከረ።

«ስለ ልጁ ከጠየቋችሁ፣ ቀድሞ የሚመጣ፣ ዘግይቶ የሚሄድ ልጅ ነው በሉ። ስለ ክላይድ ግን ትንፍሽ እንዳትሉ።»

«ሌላ ነገር ቢጠይቀኝስ?» አለች ሚስ ፐርሊን።

«ዓሣ ጨምሪለት።»

እናም ሰውዬው ፀጉር አስተካካዩን ቢጠይቅ «ቀድሞ የሚመጣ፣ ዘግይቶ የሚሄድ ልጅ ነው»፤ ነዳጅ ቀጂውን ቢጠይቅ እንዲሁ፤ የኤመሪን የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ቢጠይቅ፣ ሴትዮዋ ሰባ ዓመት አልፏታል፣ እንደ ጸሎት ዓይኗን ጨፍና ያንኑ። ከመጠጥ ቤት የማይጠፋው ሌስተር ብቻ ቃሉ ተምታታበትና «ዘግይቶ የሚመጣ፣ ቀድሞ የሚሄድ ልጅ ነው፣ እግዜር ይባርከው» ብሎ አረፈ። ይህ ሁሉ በጋዜጣው ላይ «የሚጋጩ የምስክርነት ቃሎች» እና «ከተማው በሙሉ የሚደብቀው የጠባይ ጉድለት» ተብሎ ወጣ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና በመጠርጠሩ አልቀየምም። እንዲያውም የልጄ ጉድለት ካሳሰባችሁ እኔ ወላጁ ልንገራችሁ፤ ወተት ጠጥቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይመልስም፣ በር መዝጋት አልፈጠረበትም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር አጠገቡ የቆመ ሰው ዜማው ይጠፋዋል። ይህን ለመስማት ግን በፕላስተር መሸፈን አያስፈልግም ነበር፤ በሬን ቢያንኳኩ ይበቃ ነበር።

ደብቃችኋል ለሚለው ግን መልሴ፣ አዎ፣ ደብቀናል ነው። የደበቅነው ልጁን ሳይሆን አባቱን ነው።

ባለቤቴ ክላይድ ቀን ቀን በየቤቱ ጋዝ የሚያደርስ ሹፌር ነበር፤ ዓርብ ማታ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ሜዳ ድምፅ። ማጉያውን ይዞ ኳስ ያዡን በስሙ ሲጠራ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉ ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው ጨዋታውን ያውቁት ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት በመከር ስትሮክ መታው። እግሩ ተመለሰለት፤ ምላሱ ግን ቀረ። ያ ሁሉ ድምፅ የነበረው ሰው ውሃ ማለት አቃተው። ሰው እንዳያዝንለት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ በእርሱ ምክንያት እንዳይታዘንለት፣ ወሬው ከከተማ እንዳይወጣ በእጁ ምልክት ለመነን። ከተማውም ጠበቀለት። አንድ የዋህ ከተማ ምስጢር ሲጠብቅ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ሁሉም አንድ ቃል ይናገራል፣ ከዚያ ሌባ ይመስላል።

አራተኛ፣ ሐሙስ ማታ ከግቢ ይጠፋል፣ የሴት ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም ስለተባለው። ሴትም አለችበት፤ እኔ ነኝ። ወንድ ደግሞ አለበት፤ ክላይድ ነው። የንግግር ሐኪሟ ክላይድ ድሮ በቃሉ የሚያውቀውን ረጅም ነገር እየደጋገመ እንዲናገር አዛ ነበር። መዝሙር ሞከርን፣ አልሆነም። ጸሎት ሞከርን፣ አለቀሰ። አንድ ሐሙስ ኤመሪ ለቅዳሜው ግጥሚያ የሚያጠናውን የጨዋታ ጥሪ፣ ለጓደኞቹ ክብ ሠርተው ሲቆሙ የሚነግራቸውን ማለት ነው፣ ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ ክላይድ ከወንበሩ ላይ ቀና ብሎ «ሰማያዊ ሃያ ስድስት» አለ። ከስትሮኩ በኋላ የሰማነው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። ማድጋ የሚያህል እንባ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ሐሙስ ማታ እየነዳ ይመጣና፣ ከአባቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ «ቀኝ ሰፊ። ሦስት ጥንድ። ሰማያዊ ሃያ ስድስት። ግራ መንጠቆ። በሁለት» እያለ ቃል በቃል፣ እየቆራረጠ፣ አባቱ እስኪደርስበት እየጠበቀ ይለዋል። «ተው አትሩጥ አባዬ፣ ማንም አያባርርህም» ይለዋል። ዛሬ በቤታችን ጨው ሲፈለግ ግራ መንጠቆ ነው፤ ውሃ ሲፈለግ ሰማያዊ ሃያ ስድስት ነው። ለምደነዋል።

አምስተኛና የመጨረሻ፣ ስለ ቀርፋፋነቱ። በዚያ ክፍል ውስጥ አሠልጣኛችሁ ረጅም የጨዋታ ጥሪ ነገረው፤ ሌላ ሌላ ወሬ አወራውና መልሰህ በለኝ አለው። ልጄ አንድ ቃል ሳይስት መለሰለት። ግን ቀስ ብሎ፣ እየቆራረጠ፣ በየመሃሉ እየጠበቀ። ያን ዕለት ጠዋት እንኳ ከሆቴሉ ደውሎ ከአባቱ ጋር ሲለማመድ ነበር። ምላሱ አባቱን መጠበቅ ለመደ፤ በእናንተም ፊት ሳያውቀው ጠበቀ። እናንተም «አእምሮው ይዘገያል» ብላችሁ ጻፋችሁ። በጨዋታው ሜዳ ላይ አምስት ግዙፍ ሰዎች ሊጥሉት ሲመጡበት ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚያሳይ ፊልም እጃችሁ ላይ እያለ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ በዘገየው ፈረዳችሁበት።

ለምን አልነገረንም ትሉ ይሆናል። እኔም ጠየቅሁት። «አባዬ አትናገር ብሎኛል። ሥራ ለማግኘት ብዬ የአባቴን ምስጢር አላወጣም» አለኝ። ታማኝነት የሚለካበት ማስመሪያ ባለመኖሩ ይህ በመዝገባችሁ ስላልገባ፣ አልቆጣም፤ አዝናለሁ እንጂ።

እኔ ይህን ሁሉ ለመጻፍ የክላይድን ፈቃድ ጠየቅሁ። ቁርሱ አልቆ፣ ሳህኑን አንስቼ፣ ጠረጴዛውን እስክወለውል ድረስ ከቃሉ ጋር ታገለ። በመጨረሻ «ጻፊለት» አለ። የጨዋታ ጥሪ ያልሆነ ቃል ከአፉ ሲወጣ ከጥቂቶቹ አንዱ ስለሆነ፣ ለዚህች ቃል ምክንያት በመሆንዎ ከልብ አመሰግንዎታለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ሽሙጥ ያመሰገንኩዎት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

በብርድ ለሚንቀጠቀጠው ከተማዎ ሙቀትን፣ ለማስመሪያዎ ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣ የቡድንዎን ሽንፈቶች ወደፊትም በትጋት የምከታተል፣

ማርቬል ኦትሪ
የቀርፋፋው ልጅ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እንደ ልማዱ፣ የሚመርጠው ቡድን ሐሙስ ማታ ለተጫዋቹ ራሱ ይደውላል። ኤመሪ ግን ስልኩ ከአባቱ ፊት እንዲቀመጥ ወስኗል፤ የሚያነሳው ክላይድ ነው። «የኦትሪ ቤት ነው» የምትለዋን ቃል ከትንሣኤ በዓል ጀምሮ እየተለማመደ ነው፤ ቢደናገጥ ግን «ሰማያዊ ሃያ ስድስት» ሊልዎ ይችላል። ከደወሉ እባክዎ ይጠብቁት፤ ረጅም ዝምታ ቢሰሙ መስመሩ አልተቋረጠም፣ ሰው እየሞከረ ነው። ሳይጨርስ ከዘጉበት ግን፣ አንድ ቀን ስለ እርስዎ የሚጠይቅ እንግዳ ወደ ዊሎ ፎርድ ቢመጣ ሁላችንም የምንመልሰውን ቃል ፓስተር ሁበርት አስጠንቶናል፤ «ዘግይቶ የሚመጣ፣ ቀድሞ የሚሄድ ሰው ነው።» በዚህኛው ሌስተርም አይሳሳትም።