ከወይራ ሥር ስለሚነሳው ጉልት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሰፈራችን የፕላን ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ በተለይም የጉልበትዎ ጤና፣ እንደምን ሰነበተ እላለሁ። እኛ የወይራ ሥር ሰፈር ነዋሪዎች ከጉልበታችን በቀር ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በሰፈራችን መግቢያ ያሰቀሉት ሰሌዳ «ነዋሪው የዕለት ፍላጎቱን ሁሉ በእግሩ የሚያገኝባት ሰፈር» ይላል። እኛ ያልተማርነው «ሁሉም ነገር ቅርብ ይሆናል» ማለት መስሎን ነበር። እርስዎ ግን ቃል አክባሪ ነዎትና ሁሉን አርቀው በእግራችን እንድንፈልገው አደረጉ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የሙሄን ወፍጮ «ይረብሻል» ብለው ከወንዙ ማዶ ስላሻገሩልን። ሰፈሩ አሁን ጸጥ ብሏል፤ የሚሰማው ዱቄት ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣ ሰው ማለክለክ ብቻ ነው።

፪. ጉልታችን በሚመጣው ሳምንት ተነስቶ በባሕር ዳር መውጫ ወደተመረቀው የገበያ አዳራሽ እንዲሄድ ስላዘዙ። አዳራሹ ሲመረቅ አጨብጭበናል፤ ምርቃት ግን የለውም። ወይራው ሥር ቃሪያና ሽንኩርት የሚሸጡት እትዬ ፈንታነሽ ከመደቡ ላይ እፍኝ ጨምረው «እንካ ምርቃትህን፣ አንተ ወስላታ!» ይሉኛል። እኒህ ሴት ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚሁ መደብ ነው። ጉልበታቸው ከደጃፋቸው እስከ ወይራው ነው የሚያደርሳቸው። በባጃጅ ይሂዱ እንዳንል፣ ትርፋቸው መሄጃውን እንጂ መመለሻውን አይችልም። እንግዲህ በፕላንዎ መሠረት ሄደው እዚያው ይቀራሉ ማለት ነው።

፫. በጉልቱ ቦታ አረንጓዴ መናፈሻ ስላሰቡልን። ጎመንና ቃሪያ አረንጓዴ አለመሆናቸውን ያወቅነው ከእርስዎ ነው።

አንዲት ልመና አለችኝ። እስኪ አንድ ቅዳሜ መኪናዎን አቁመው፣ የእትዬ ፈንታነሽን የሽንኩርት ጆንያ ተሸክመው፣ ከወይራው እስከ አዳራሹ በእግርዎ ይሂዱልን። ከደረሱ ጉልቱን በገዛ እጄ አነሳዋለሁ። መንገድ ላይ ከደከመዎት ግን ይመለሱ፤ ወይራው ጥላ አለው፣ እርስዎም ይረፉ፣ ጉልቱንም ይተዉልን።

ወንበርዎን ያጽናልን እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ሶሉ ካለቀ ጫማ ጋር፣

ሲሳይ
ስምንተኛ ክፍልን ደጋግሞ የተማረ የወይራ ሥር ነዋሪ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት የቢሮዎ ሾፌር ለባለቤትዎ ነጭ ሽንኩርት ሊገዛ ጉልታችን መጥቶ ነበር። «አዳራሹ አይሻልህም ወይ?» ብንለው፣ «ኧረ ወዲያ! እሱ በመኪናም ሩቅ ነው» አለን።