ጀልባው ያልቆጠረው ሞት

ውድ ፌንጣዬ፣

«እንደምን ከርመሻል» ብዬ ጀምሬ ለማን እንደምጽፍ ትዝ ሲለኝ ሰረዝኩት። የሞተ ሰው ጤንነቱ አይጠየቅም። የኔን ማወቅ ከፈለግሽ ግን ጉልበቴም ጥርሴም እንደተውሻቸው ናቸው፤ ማለትም የሉም።

የምጽፍልሽ ልወቅስሽ ነው። ከሞትሽ ወዲህ ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ የሥራ ባልደረባሽም እየመጣ ደግ ደጉን ብቻ እያወራ መልአክ አድርጎሽ አረፈ። አንድ እንኳ ክፉ የሚናገርሽ ሰው ካጣሽ ትኮሪያለሽ ብዬ ሥራውን እኔ ወሰድኩት። አያት ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

እናትሽ ይህን ደብዳቤ ከፍታ ማንበቧ አይቀርም። ልጄን አውቃታለሁ፣ የታሸገ ነገር ካየች እጇን ይበላታል። ስለዚህ ለእሷም እንዲገባት ነገሩን ከሥሩ ልናገር፤ አንቺ የምታውቂውን ስደግምብሽ ታገሺኝ።

ከጸጉር ቤቴ ኋላ ባለችው ክፍል ተዘግተን ስንስቅ እሷ በመስኮት አጮልቃ «ሁለት ሕፃናት አሉኝ» ትል የነበረው፣ «የጨው ወንዝ» የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም ስንጫወት ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ትመርጫለሽ፣ ስም ታወጪለታለሽ፣ ከዚያ ተራራና ከተማ እያቋረጥሽ፣ እየተዋጋሽ፣ እየተማርሽ አብረሽው ታድጊያለሽ። አንቺ ጦር ይዛ እየዘለለች የምትዋጋ ሴት መርጠሽ ፌንጣ አልሻት፤ ስሙም ከእሷ ወዳንቺ ተጋባ። እኔን ሌባ አድርገሽ ምላጭ አልሽኝ። ዕድሜ ልኬን የሰው ጸጉር ስቆርጥ የኖርኩትን ሰውዬ በእርጅናዬ ኪስ አውላቂ አደረግሽኝ።

በሌሎቹ ጌሞች የሞተ ሰው በመድኃኒት ወይም በአስማት ይነሣል ብለሽኛል። በዚህኛው የለም። የሞተ ሞተ ነው። ጌሙን የወደድሽውም ለዚያ ነበር፤ «እዚህ ሰው ይፈራል፣ ስለዚህ ያስባል» ትይ ነበር።

አንድ ቀን ወንዙን በጀልባ ስንሻገር ፌንጣን ቀድሞ የነደፋት እባብ መርዙ መሐል ውኃ ላይ ጨረሳት። የሕይወቷ ቁጥር ዜሮ ሆነ። ፊትሽን በሁለት እጅሽ ሸፈንሽ። እኔም የማጽናናበት ቃል ስፈልግ ጀልባው ማዶ ደረሰና ፌንጣ ተነሥታ ወረደች። የጌሙ ሠሪዎች አንድ ነገር ረስተው ኖሯል፤ ጀልባ ላይ የሚሞተውን የሚቆጥር አልነበረም። ዜሮ ሕይወቷን ይዛ መንገዷን ቀጠለች። ዜሮ በመሆኗም ጠላት ሁሉ የሚቀንስባት ነገር አጣ። «ሬሳ ሆነሽም ከፊቴ ትቀድሚያለሽ» አልኩሽ፤ ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ።

ከዚያ ታመምሽ።

ጸጉርሽ በመድኃኒቱ መርገፍ ሲጀምር ወንበሬ ላይ ወጥተሽ «በቃ ላጨኝ» አልሽኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ደንበኛ አስቀምጬ አፌን የዘጋሁት ያን ቀን ነው። ቀልዴ ሁሉ ጠፋብኝ። ጨርቁን ሳነሣልሽ መስታወቱን ትክ ብለሽ አየሽና «አባባ፣ አሁን ሕይወቴ ስንት ነው?» አልሽኝ።

«ዜሮ» አልኩሽ። «ግን ትሄጃለሽ።»

ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ ምንም ይበል ምን የኛ መልስ ይኸው ሆነ። «ዛሬስ እንዴት ነሽ?» ስልሽ «ጀልባ ላይ ነኝ» ትይኝ ነበር። እናትሽ ስለ ምን እንደምናወራ ስላልገባት ትቆጣን ነበር። እኔ ግን፣ ልንገርሽ፣ አምኜው ነበር። ሽማግሌ ሲጃጃል እንዲህ ነው።

ከቀብርሽ በኋላ ወደዚያች ክፍል ለመግባት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ገብቼ ኮምፒውተሩን ስቀሰቅሰው አንዴ አጓራ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ በዚያው ቀረ። የወሰድኩለት ጠጋኝ ውስጡ የነበረውን አውጥቶ በፍላሽ ሰጠኝ፤ ጨዋታችንም ወንዙ ዳር ካቆምንበት ቦታ ሳይነካ ተገኘ። የሚከፍተው ግን ጠፋ። አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ያንን ጌም አያውቁትም፤ የሠራው ድርጅትም ከተዘጋ ቆይቷል። መጫወት እንኳ አላማረኝም። ፌንጣ ከፊቴ ስትሄድ ማየት ብቻ ነበር የፈለግሁት። ፎቶሽ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ አይንቀሳቀስም። እሷ ትንቀሳቀሳለች።

ያኔ ነው ወዳጆችሽ ትዝ ያሉኝ፤ ጌሙን ከባዶ እንደገና የሚሠሩት። በየአገሩ ተበትነው፣ የሚከፍላቸው ሳይኖር፣ ከሥራ ሲመለሱ እየተቀመጡ የድሮው ጌም ያደርገው የነበረውን ሁሉ በአዲስ ኮድ ይጽፋሉ። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ ይቀዳዋል፣ ይለውጠዋል። ሥዕሉና ድምፁ የሌላ ሰው ንብረት ስለሆነ አይነኩትም፤ የድሮው ዲስክ ያለው ሰው ከዲስኩ ያስገባል። ያንቺ ድርሻ ስህተት መልቀም ነበር። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ከፍተሽ «የወፍጮ ቤቱ በር ሲከፈት ሲጥ ይላል፣ የናንተው ግን ዝም ብሏል» እያልሽ ታደክሚያቸው ነበር። አንድ በር ሲጥ ይበል አይበል ብለው የተማሩ ሰዎች ሲከራከሩ ሰምቼ፣ ለእነዚህ ሚስት የሚሰጣቸው የለም ብዬሽ ነበር።

ከእነሱ አንዱ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራው ወዳጅሽ፣ እዚሁ ከተማ ነውና ስደውልለት መጣ። ወንበሬ ላይ እንደተቀመጠ ከላፕቶፑ በፊት ያየው አፌን ነው። ይህን ጥርስ ማን እንደሠራልኝ ጠየቀኝ። የሠራልኝ ሰው ሞቷል አልኩት። በሥራው አዝኖ መሆን አለበት አለ። እዚያው ወደድኩት።

ላፕቶፑን ከመቀሶቹና ከማበጠሪያዎቹ መሐል አስቀምጦ ጨዋታችንን ከፍላሹ በአዲሱ ጌማቸው ከፈተው። እውነትም ያው ነበር። ግራጫው ሰማይ፣ ጀልባው የታሰረበት ግንድ፣ ውኃው። ምላጭ ቆሟል። ፌንጣ ከጎኑ ቆማለች።

ፌንጣ ወደቀች።

ማንም አልነካትም። ዙሪያውን ጠላት የሚባል አልነበረም። ጦሯ ከእጇ አምልጦ አሸዋው ላይ ተንከባለለ፤ ከስሟ ጎን «ሞታለች» የሚል ቃል ወጣ።

ምን እንደነካ ጠየቅሁት። ምንም አልነካሁም አለኝ። አዲሱ ጌም የተቀመጠ ጨዋታ ሲከፍት የእያንዳንዱን ሰው የሕይወት ቁጥር ያያል፤ ዜሮ የሆነውን ሞቷል ይላል። የጀልባው ስህተት ተስተካክሏል። ያስተካከለውን ሰው ስሙን ንገረኝ፣ ጸጉሩን ሊቆረጥ የመጣ ቀን አንድ ጆሮ አስቀርለታለሁ አልኩት። ልጁ ማበጠሪያ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ።

«አባባ፣ ይስተካከል ያለችው እሷ ናት» አለኝ። «ሆስፒታል ተኝታ ሳለች።»

ሌሎቹ እንደነበረ ይቆይ ብለው ነበር አለኝ፤ የድሮ ተጫዋቾች የሚወዱት ስህተት ስለሆነ። አንቺ ግን አልለቅም አልሽ። የሞተው ካልሞተ ወንዙ ማንንም አያስፈራም ብለሽ ረታሻቸው።

ወቀሳዬ ይኸውልሽ፣ ፌንጣዬ። ለበር ሲጥታ ስትከራከሪ የኖርሽ ሰው፣ እኔ የምፈልገውን አንዱን ስህተት መርጠሽ አስጠፋሽ። አጠገቤ ተኝተሽ «ጀልባ ላይ ነኝ» እያልሽ ታስቂኛለሽ፤ ፊቴን ሳዞር ጀልባውን ታስጠግኛለሽ። ለጌሙ ብለሽ ነው? ወይስ ይህ ሽማግሌ ዜሮ እያየ እንዳይታለል ብለሽ? ወይስ እንደ እናትሽ የተጣመመ ነገር ስታዪ እጅሽ አላርፍ ብሎሽ ነው? ጥርስ ሠሪው አያውቅም። የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ አንቺን ደግሞ የት ልጠይቅሽ።

ልጁ አዘነልኝ መሰል፣ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ለኔ ብቻ የሚሆን ቅጂ አወጣለሁ፣ ያቺን ማስተካከያ እነቅላታለሁ አለኝ። አድርግ አልኩት፤ እጁን ልስም ትንሽ ነበር የቀረኝ። በማግሥቱ ይዞት መጣ። ፌንጣ ቆማለች። ጦሯ እጇ ላይ ነው። ምላጭን ሳራምደው እንደ ልማዷ ቀደመችው፣ ድንጋዩን ዘለለችው፣ ዞር ብላ ጠበቀችው። የለመንኩት ይኸው ነበር።

ግን አንዴ ስትወድቅ አይቻለሁ። እየሄደችም የምትታየኝ ስትወድቅ ነው። ቁጥሯን አየሁት። ያ ስንስቅበት የነበረው ዜሮ አሁን ዜሮ ብቻ ነው። በዓለም ላይ አንቺ የምትሄጂበት አንድ ቅጂ አለ፤ እሱም የሚያለቅስ ሽማግሌ ለማባበል የተሠራ ነው። ለሕፃን እንደሚሰጥ አሻንጉሊት።

«ዝጋው» አልኩት።

«አልሠራም እንዴ አባባ?»

«ሠርቷል። የእሷን አምጣልኝ።»

ያንቺውን፣ ይስተካከል ያልሽውን ከፈተልኝ፤ ዳግመኛ ወደቅሽ። ጓደኛ ሲሞት ጌሙ የሚሰጠው ምርጫ ሁለት ነው፤ ጥሎ መሄድ ወይም መሸከም። ሰው ሁሉ ጥሎ ነው የሚሄደው አለኝ ልጁ፤ ሬሳ ከባድ ነው፣ ምንም አይጠቅምም። ምላጭ ደግሞ እንደኔው አቅመ ቢስ ነው። እንዲያነሣሽ ያለውን ሁሉ አሸዋው ላይ አራገፍኩ፤ ሰይፉን፣ ስንቁን፣ ገመዱን፣ ከየቤቱ የሰረቃቸውን የብር ሳህኖች። ከዚያ አነሣሽ።

ይንገዳገዳል። መዋጋት ቀርቶ መሮጥ አይችልም፤ አንድ የተራበ ውሻ ቢያገኘው ያበቃለታል። የት ልቅበራት ብዬ ጠየቅሁ። የድሮዎቹ መቅበር የሚባል ነገር አልሠሩም፤ ወዳጆችሽም በድሮው ያልነበረውን አይጨምሩም፤ ደንባቸውን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ ልጨምርልዎት አለኝ ልጁ፤ ተወው አልኩት። መንደር ገባሁ። ሰዎቹ ድሮ የሚሉትን አሉ፤ ዳቦ ጋጋሪው ስለ ዝናቡ አወራኝ። ምን ሆነች ያለኝ የለም። ከመንደሩ ወጣሁ። የምደርስበት ቦታ ስለሌለ መንገዱን ብቻ ይዤ እሄዳለሁ።

ይቅር ብዬሻለሁ እንድልሽ አትጠብቂ። ገና አልበረደልኝም፤ የሚበርድልኝም አይመስለኝም።

እናትሽ ምሳ ቀርቧል እያለች ትጣራለች፤ ካልሄድኩ መጥታ ትጎትተኛለች። ምላጭን ከመንገዱ ዳር አቁሜዋለሁ። አላወረደሽም።

ወቃሽሽ፣
አያትሽ