ክር የወጠርንላት ኮሮላ

የካቲት 3
ቀኑን ሙሉ ልብስ ስሰፋ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ልጃችን አያንቱ ከአቦምሳ ደወለች። ወሯ ገብቷል። "የምወልደው እናንተ ጋ ነው። አባ ራሱ መጥቶ ይውሰደኝ" አለች። ባሌ ሁንዴ ስልኩን ነጠቀኝ። "የካቲት 20 በርሽ ላይ ነኝ!" ደስታው… ስልኩን ሲዘጋ ግን ፊቱ ተለወጠ።

"አሱ፣ ይቺ ኮሮላ ወደ ግራ ትጎትታለች። አላይመንቷ ሄዷል፣ ጎማዎቿ ቀጥ ብለው አልቆሙም።"

ጋራዥ እንውሰዳት ስለው ተቆጣ። ጡረታ የወጣ ሹፌር መኪናውን ለሰው ይሰጣል?

የካቲት 5
ወገቡ አላጎነብስ ብሎታል። ከመኪና ስር የምገባው እኔ፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ የሚያዘው እሱ። ክሪክ አስገብተን የፊት ጎማዎቹን አንስተን ነቀነቅን። የላላ ነገር የለም። ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተሩም ዘይት አላፈሰሰም። "ደህና ናት" አለ። ደህና ከሆነች ምን ይጎትታታል?

መሪዋን ቀጥ አድርገን፣ በግራና በቀኟ ብሎኬት ላይ ሲባጎ ወጠርን። ከሲባጎው እስከ ቸርኬው ጠርዝ፣ ፊትና ኋላውን፣ በልብስ ሜትሬ ለካሁ። ሁለቱም ጎን እኩል።

"ሜትርሽ ተለጥጧል!" አለኝ። "የመሪውን ዘንግ ሩብ ዙር አዙሪ።"

አዞርኩ።

የካቲት 6
ነድቶ ተመለሰ። "አሁንም ትንሽ ወደ ግራ።" እንደገና ስር ገባሁ። ጎረቤቴ ኡሙሰልማ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

"አሱ! የልጄን ቀሚስ ትተሽ ጋራዥ ከፈትሽ?"

"ያንቺንም ባጃጅ አምጪያት!" አላት ሁንዴ። ሳቅን።

የካቲት 9
ሦስተኛ ማስተካከያ። እስከ መልካሳ ነድቶ መጣ። "ቀጥ! እንደ መስመር!" ግንባሬን ሳመኝ፣ ከነግሪሱ።

የካቲት 10
ጨርቅ ልገዛ መኪናዋን ይዤ ወጣሁ። ከገና ወዲህ መሪ ይዤ አላውቅም። መሪውን ቀጥ አድርጌ ብይዝ ወደ ቀኝ ትሄዳለች! ዳር ይዤ አቆምኩ። እንዴት ለእሱ ቀጥ፣ ለእኔ ጠማማ?

ከዚያ ትዝ አለኝ… ሰሞኑን የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ሻዩን የሚያነሳው በግራ እጁ ነው። መሪው ላይም ግራው ይስባል፣ ቀኙ አይመልስም። ወይኔ! መኪናዋን በእጁ ልክ አጣመምናት። ትከሻው ለዘመመ ሰው ኮት እንደዚያ እሰፋለሁ፣ ሙያዬ ነው። መንገድ ግን በሰው ልክ አይሰፋ…

የካቲት 11
ሳልነግረው ዋልኩ። ፈሪ።

የካቲት 12
ነገርኩት። "ሁንዴ፣ በቀኝ እጅህ ጣቶቼን ጨምቃቸው።" እንደ ሕፃን ያዘኝ።

"ከጥምቀት ወዲህ ይደነዝዘኛል።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ጥፋቱ የመኪናዋ ይሁን ብዬ ነዋ…"

"ልጄን ራሴ አመጣሻለሁ ብያታለሁ፣ አሱ" አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

"አመጣሻለሁ አልክ እንጂ እነዳለሁ መቼ አልክ?"

የካቲት 14
ሐኪም ቤት ሄድን። ከአንገቱ የሚወርድ ነርቭ ተጭኖ ነው አሉ። መድኃኒት፣ የእጅ እንቅስቃሴ… ሦስት ወር መሪ የለም። ከሰዓት ሲባጎውን ወጥረን ያዞርኩትን ሁሉ መለስኩ። እኩል። ለካ ሜትሬ ጤነኛ ነበር!

የካቲት 20
ከአቦምሳ ተመለስን።

ስንሄድ አፉ አልተዘጋም። "ማርሽ ቀንሺ… አህያዋን እያት… ፍሬን! ፍሬን!"

"አወርድሃለሁ፣ ሁንዴ!"

አያንቱ ሆዷን ይዛ በር ላይ ቆማለች። "አባ፣ እማ ናት እንዴ የነዳችው?" ምን ይላት ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ቀኝ እጁን ራሱ አነሳና አሳያት። "ይቺ ትንሽ አሟታል። ሹፌሬ እናትሽ ናት።"

ስንመለስ አያንቱ ከኋላ ትራስ ተደግፋ፣ እሱ ከጎኔ። መንገዱ ጉድጓድ ብቻ። ዝም አለ። አኮረፈ ብዬ ዞር ስል… ተኝቷል! ሌላ ሰው እየነዳ ዓይኑን ከድኖ የማያውቅ ሰውዬ፣ አፉን ከፍቶ!

"እማ፣ አባ እያንኮራፋ ነው" ብላ ሳቀች።

"እሽሽ" አልኳት።

ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያልኩ አለፍኳቸው። አንዱም አልቀሰቀሰውም።