የወንድሜን ማርሚታ ዝም ስላሰኙልኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራና የድምፅ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነትዎ እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ ደረጃ ለመውጣት፣ ጆሮዎም የበር ደወል ለመስማት እንደማያስቸግርዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ሁለቱ ደኅና ሲሆኑ ሰው እንዳሉት እንኳ ልብ አይላቸውም። ቤተሰብዎም ሰላም ይሁን። የሚጠይቅዎ ሰው ሲመጣም በሩ ሳይከፈትለት የማይመለስ ይሁን።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ቤት፣ ለሕፃን በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ስለሆነ እጄ አይፈጥንም። እርስዎም መልስ ለመስጠት እንደማይቸኩሉ ከቀደሙት ማመልከቻዎቼ ስለተረዳሁ በዚህ በዚህስ እንግባባለን። ለእርስዎ ብቻ የምልከው ወረቀት መሳቢያ እንደሚወድ በማየቴ፣ ይኼኛውን ጋዜጣው እንዲያወጣልኝ ለምኛለሁ። ድፍረት ከሆነ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ ድፍረቱም ፊደሉም ዘግይተው የመጡልኝ አብረው ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፣ ጉዳዩ የታናሽ ወንድሜ መኪና ነው። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ በቶርኖ ቤት ብረት ሲቀርጽ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስት ያላገባ፣ በከተማው ሌላኛው ጫፍ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ጡረታ በወጣ ሰሞን፣ በሰው ጓሮ ቆሞ ዶሮ ሲያድርበት የኖረ ባለ ሁለት ወንበር አሮጌ የስፖርት መኪና ገዛና ላባውን ጠርጎ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ብቅ አለ። ዘመድ ሁሉ ሰውየው በስተርጅና ጎረመሰ አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ብያለሁ።

እኔ የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወንድሜ ጉልበቱ በቀዶ ጥገና ከተከፈተ ወዲህ ደረጃ መውጣት አይችልም። እኔ ደግሞ ጆሮዬን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና ክፍል ትቼው ወጥቻለሁ። ቀጭን ድምፅ ሁሉ ጠፍቶብኛል፤ ደወሉም፣ የስልክ ጥሪውም፣ ከመንገድ ስሜን የሚጠራ ሰውም አይደርሰኝም። ወፍራም ድምፅ ግን፣ በተለይ የመስኮቱን መስታወት ነዘር የሚያደርግ ከሆነ፣ ይገባኛል። እንግዲህ መውጣት የማይችል ወንድም ከታች፣ መስማት የማትችል እኅት ከላይ ሆነን ቀረን።

ይህን ያቃናልን የመኪናው ጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው ነበር። ወንድሜ ድምፅ የሚያፍነውን የመሀል ሳጥን ቆርጦ አወጣና በቦታው ቀጭን ቱቦ በየደ። እኔ ፎጣ ይዤ መስኮት ላይ እንድቆም፣ ከሰማሁ እንዳውለበልብ ነገረኝ። ቆምኩ። እሱ ከታች ነዳጅ ይረግጣል፣ የሰፈሩ ሰው በየመስኮቱ ጆሮውን ይይዛል፣ እኔ ፎጣዬን ይዤ እንደ ሐውልት ቆሜአለሁ። ለካ ድምፁ የሚያፏጭ ዓይነት ኖሯል፤ ለእኔ ጆሮ የተሠራ አልነበረም። ሄደና ከተጣለ የጭነት መኪና ላይ የተገኘ ሰፊ ቱቦ በየደበት። በሚቀጥለው ሲመጣ መስታወቱ ከጣቴ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ፎጣውን ከማውለብለቤ ብዛት አምልጦኝ መንገድ ላይ ወደቀ። ወንድሜ ከመኪናው እየተንፏቀቀ ወጥቶ አነሣውና ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ወደ ላይ እያየ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ በመጣ ቁጥር መስታወቱ ይነግረኛል፣ እወርዳለሁ፣ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሩቅ አንሄድም። ብዙውን ጊዜ እዚያው ጥላ ሥር ቆመን፣ በተሻለው ጆሮዬ በኩል ተጠግቶ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንዳበደ ይነግረኛል። ወንበሩ መሬት የነካ ያህል ዝቅተኛ ስለሆነ እኔን ከዚያ ማስወጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የእሱ ጉልበትና የእኔ ወገብ ሲተጋገዙ ያየ መንገደኛ የተጣላን እየመሰለው ሊገላግለን ይመጣል።

እርስዎም ገላገሉን። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሠራተኛዎ መኪናውን አስቁሞ ድምፅ በሚለካ መሣሪያ ስለለካውና ይህ ድምፅ የሰው ጆሮ ይጎዳል ብሎ ስለወሰነ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ሰው ጆሮ የሚጨነቅ መሥሪያ ቤት በመኖሩ እንባዬ መጣ። መሣሪያውን ሳየው እጅ ውስጥ የምትገባ፣ ለመያዝ ምንም የማታስቸግር ዕቃ ናት። ታዲያ እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ በነዚያ የሽመና መኪናዎች መካከል ቆሜ፣ ከጎኔ ካለችው ሴት ጋር በከንፈር እንቅስቃሴ ስንነጋገር፣ ያቺ ዕቃ የፋብሪካውን በር እንዴት ሳታገኘው ቀረች? ምናልባት ዘበኛው መታወቂያ ጠይቋት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ አቤቱታውን ላቀረቡት የአንደኛ ፎቅ ጎረቤቴ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። በአንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ዘመን ቆጥረናል፤ አንድ ቀን ደኅና ነሽ ወይ ብለውኝ አያውቁም። ስለ እኔ ቤት ለመንግሥት የጻፉት ደብዳቤ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ነው አሉ። ይህን ያህል የሚያስቡልኝ መሆናቸውን ባውቅ ኖሮ ቀድሜ አስቸግራቸው ነበር።

ሦስተኛ፣ በቢሮዎ መስኮት የተቀበለኝ ወጣት ስለመከረኝ ምክር አመሰግናለሁ። ለምን ሰዓት አትቀጣጠሩም እማማ፣ ለምን መልእክት አይልክልዎትም አለኝ፤ እየጮኸ እንዳይሰለች ወረቀት ላይ ጽፎ ነው ያሳየኝ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ሰዓት እንዳንቀጣጠር መኪናው ሲፈልግ ይነሣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል፤ የወንድሜም ጉልበት እንደዚያው ነው። መልእክቱን ሞክረነዋል። ስልኩ ድምፁ አይሰማኝምና ከጠዋት እስከ ማታ ጭኔ ላይ አስቀምጬ የስልኩ መስታወት ላይ ማፍጠጥ ሆነ። ልብስ ማጠብ የለ፣ ወጥ ማማሰል የለ፤ ዓይኔን ባነሣሁ ጊዜ ቢመጣስ? ክቡርነትዎ ይህን ልዩነት እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። ማርሚታው እያለ እኔ ወንድሜን አልጠብቅም ነበር። ሥራዬን እሠራለሁ፣ እሱ ይመጣል። አሁን ግን መጠበቅ ራሱ ሥራዬ ሆነ፤ ከፋብሪካው የሚለየው ፈረቃ የሚቀይረኝ ሰው አለመኖሩ ነው።

አራተኛውን ለማመስገን ትንሽ ይከብደኛል። ወንድሜ ታርጋው እንዳይወሰድበት ብሎ በትእዛዝዎ መሠረት አዲስ ሳጥን ገጠመ፤ መኪናውም እንደ ተገሠጸ ልጅ ዝም አለ። በዚያው ሳምንት እሑድ መጣ። ደወሉን ደወለ፣ እትዬ እያለ ከመንገድ ተጣራ፣ ስልኩንም ደወለ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ጫማዬን አጥልቄ፣ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ወንበሬን ወደ በሩ አዙሬ ተቀምጫለሁ። ስልኩን የዚያን ዕለት ተናድጄበት ጓዳ ትቼዋለሁ። እሱ ከታች ተቀይማኝ ነው ብሎ አሰበ፤ ባለፈው መኪናህ ወገቤን ገደለው ብዬው ነበርና። እኔ ከላይ በዚያ ቃል ተቀይሞ ቀረ ብዬ አሰብኩ። በቤታችን ቅያሜ የዘር ነው፤ አባታችን ከወንድማቸው ጋር በአንድ በሬ ሰበብ እስከ መቃብር አልተነጋገሩም። ስለዚህ ሁለታችንም ነገሩ ገባን፣ ሁለታችንም ኮራን። ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ፣ እትዬ ምን በደልኩሽ የሚል መልእክት አገኘሁ፤ ፊደሎቹን በጣቴ እየተከተልኩ ደጋግሜ አነበብኩት። ማንበብ በመማሬ የተደሰትኩበትም፣ የተጸጸትኩበትም ቀን እሱ ነው።

ታርቀናል። መምጣት ግን ቀረ። ከታች ቆሜ ስጮህ ሰው እንደ እብድ ያየኛል፣ ፈቃዱ ሲመጣ እመጣለሁ ብሎ ጻፈልኝ። ፈቃዱ ማለት እርስዎ ዘንድ የተቀመጠው ማመልከቻዬ ነው። ጥያቄውም ይህ ብቻ ነው፦ ወንድሜ ከወንበሩ ሆኖ በሽቦ የሚከፍተውና የሚዘጋው ክዳን ማርሚታው ላይ ይግጠም። በመላው ከተማ ክዳኑ ተዘግቶ በዝምታ ይንዳ፤ እኔ መስኮት ሥር ሲደርስ ብቻ፣ በቀን ብርሃን፣ አንድ ጊዜ ከፍቶ ይዝጋው። ጎረቤቴ ሊሰሙት ይችሉ ይሆናል። እኔም እንደምሰማው ቢያስቡ ግን ሊቀልላቸው ይችላል።

ወንድሜ ወጣት አይደለም፤ እኔም ከእሱ እበልጣለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ጉዳዩን በሚያጠናበት ፍጥነት ከሄደ ፈቃዱ የሚደርሰው ለወራሾቻችን ነው፤ ወራሽ ደግሞ ሁለታችንም የለንም።

ለከተማው ጸጥታ የሚደክሙትን ድካም ከማንም በላይ የማውቀው እኔ መሆኔን እያረጋገጥኩ፣ ጸጥታው ቤቴ ድረስ ገብቶ፣ ወንበር ስቦ አብሮኝ መቀመጡን በአክብሮት እያስታወቅኩ፣ ለሥራዎ መቃናትን፣ ለማኅተምዎ ቀለም አለመድረቅን እመኛለሁ።

የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪዋ፣
የቀድሞ የሽመና ሠራተኛ፣
የመኪናው ባለቤት ታላቅ እኅት።

ሳልጠቅሰው የቀረ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ትናንት ከቀትር በኋላ መስታወቴ ተንቀጠቀጠ። ፈቃዱ ደርሶት መጣ ብዬ ነጠላዬን እየጎተትኩ ሦስቱን ፎቅ ወረድኩ። የጽሕፈት ቤትዎ መኪና ጎታች ነበር፤ ማርሚታው ተበስቶ እያገሳ አለፈ፤ በሩ ላይ የመሥሪያ ቤትዎን ስም በደንብ አነበብኩት። እንዲጠገን አልጠይቅም። ዳግመኛ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ግን ሹፌሩ ለአፍታ ቆም ብሎ ደኅና ነሽ ወይ ይበለኝ፤ መቼም መውረዴ አይቀርም።