አንድ የጎደለ ገጽ በሁለት ዩኒቨርሲቲ በር

ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ጥራት ቢሮ
ለክቡር የቢሮው ኃላፊ
ቀን፦ 14/10፣ ማክሰኞ

ጉዳዩ፦ የነርስነት ተማሪ የሆነችው እህቴ የፈተና ወረቀት በሌላ መምህር እንዲታረምልኝ፣ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎችም በትክክል እንዲወዳደሩ ስለመጠየቅ

ሙያ የለህም ማለት ምን ማለት ነው ክቡር ኃላፊ? ባለፈው ሳምንት ከቢሮዎ በደረሰኝ መልስ ላይ «አመልካቹ የፎቶ ኮፒ ሠራተኛ በመሆናቸው የዩኒቨርሲቲዎችን የትምህርት ጥራት ለማወዳደር የሚያስችል ሙያ የላቸውም» ተብሏል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ አልደብቅም። ግን በአክብሮት ልጠይቅዎት፤ ከእናንተ መሃል በሁለቱም ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ዘጠኝ ዓመት የቆመ ማን አለ? እኔ አለሁ። ሦስት ዓመት በድሮው በር፣ ስድስት ዓመት በአዲሱ በር። መምህር የሚሰጠውን ሃንድአውት፣ ተማሪ የሚያጠናውን የዱሮ ፈተና፣ ሁሉንም በእነዚህ እጆቼ አባዝቻለሁ። ወረቀት በመዳፉ መዝኖ ስንት ገጽ እንደሆነ የሚናገር ከእኔ ሌላ ካለ ይምጣና እንወራረድ።

1. የድሮው ዩኒቨርሲቲ «የምርምር» ይባላል፣ አዲሱ «የተግባር»። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው፣ ሁለቱም ነርስ ያስመርቃሉ፣ ዲግሪው እኩል ነው። በድሮው በር ሃንድአውቱ በየዓመቱ ይቀየራል፤ ያምናውን አባዝቼ ባስቀምጥ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። በአዲሱ በር ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ያው ሃንድአውት፣ ያው ፈተና። ጥያቄ ቁጥር ሰባት ትክክለኛ መልስ እንኳን የለውም፤ ተማሪው ግን «ሰባት፣ ሐ» ብሎ እንደ ስልክ ቁጥር ይዞታል። ለመለማመጃ የተገዛው የሰው አሻንጉሊት፣ ፕሪንተር ልጠግን ስገባ እንዳየሁት፣ ከነፕላስቲኩ ተኝቷል። የሚለማመደው እንቅልፍ ከሆነ ተሳክቶለታል።

ደግሞ ፍርደ ገምድል አልሁን። የድሮዎቹ ወረቀት ላይ አንበሳ ናቸው እንጂ፣ አንዷ ተመራቂ መርፌ ይዛ የት እንደምትወጋኝ ሲጠፋት «አይዞሽ እህቴ» ያልኳት እኔ በሽተኛው ነኝ። አዲሱ ጋ ደግሞ ተማሪዎቻቸውን ጤና ጣቢያ ወስደው እጃቸውን ይዘው የሚያስተምሩ አንዲት መምህርት አሉ። የእሳቸው ልጆች ሲወጉ አያሳምሙም።

2. እህቴን ቤት ውስጥ «ሲስተር» ነው የምንላት፣ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ፤ የእኔን ቁስል ስታሽግ ነው ያደገችው። የደረሳት አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ አሁን ሦስተኛ ዓመት ናት። የሕፃናት ሕክምናው ሃንድአውት ከገጽ 45 ወደ 47 ይዘላል። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ገጽ 46 የት ሄደች?» ስትለው ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ወንድምሽን ጠይቂው፣ ማሽኑ በልቷት ይሆናል!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቤት መጥታ «ወንድምዬ፣ እውነት አንተ ነህ እንዴ?» ስትለኝ ደሜ ፈላ። እኔን? በሥራዬ? መምህሩን ውሸታም ላደርገው ብዬ ማሽኑን ከነመደርደሪያው ጎትቼ አወጣሁት።

3. በመጀመሪያው ማመልከቻዬ ላይ ዋጥ ያደረግኩት ይኸውልዎት። ገጽ 46 እዚያው ነበረች። ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ተጨማድዳ፣ አቧራ ጠጥታ፣ ማሽኑ የነከሳት ቦታ ሳይቀር። ያኔ ትዝ አለኝ። እዚህ በር በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት ያኔ የነበሩት መምህር ዋናውን ቅጂ ሱቅ ትተውልኝ ሄዱ። ማሽኑ አንዷን ወረቀት ያዘ፣ ጎትቼ አወጣኋት፣ «በኋላ አስተካክላታለሁ» ብዬ መደርደሪያው ላይ ጣል አደረግኳት። በዚያው ቀረች። እኔው ነኝ። ገጿ የሕፃን መድኃኒት በክብደቱ እንዴት እንደሚሰላ የምትናገረዋ ናት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሥራ እጄ ላይ አልረጋ ብሏል። ነጭ ጋዋን የለበሰች ባየሁ ቁጥር «ይቺም ከእኔ ነው ያባዛችው?» እላለሁ።

ግን ክቡር ኃላፊ፣ ይህንኑ ስህተት በድሮው በርም ሠርቼዋለሁ። አንድ ገጽ ዘልዬ አርባ ኮፒ ሰጠሁ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሦስት ተማሪዎች ከነመምህራቸው መጥተው «አንተ ቀጣፊ፣ ገጻችንን ውለድ!» እያሉ ጠረጴዛዬን ደበደቡት። እዚያ ግማሽ ቀን፣ እዚህ ስድስት ዓመት። ከእህቴ በፊት አንድ ሰው መጥቶ አልጠየቀኝም። እጁ አንድ፣ ስህተቱ አንድ፣ በሩ ሁለት። ከዚህ የተሻለ ማወዳደሪያ ቢሮዎ ካለው ያሳየኝ።

4. ሲስተር ገጿን አነበበች። ፈተና ላይ የሕፃኑን መድኃኒት በክብደቱ አስልታ መለሰች። መምህሩ ኤክስ አደረገባት፤ የእሱ መልስ «የአዋቂው መጠን ግማሽ» ነው። ወረቀቷን ይዛ ብትሄድ «ሃንድአውቱ ላይ የለም» አላት። እሱንም አልረግመውም። ተማሪ እያለ ያንኑ ሃንድአውት ከእኔው ማሽን ነው የወሰደው፤ ያልተሰጠውን ከየት ያምጣ? እሷ ግን በሁለት ነጥብ ወደቀች። ዓርብ ምዝገባ ከተዘጋ ዓመቱን ትደግማለች። ትናንት «ተወው በቃ፣ ለከርሞ ግማሽ ብዬ እጽፋለሁ» አለችኝ። እኔን ያስጨነቀኝ መድገሟ አይደለም፣ ይቺ ንግግሯ ናት። ያቺ ልጅ እንዲህ ብላ አታውቅም።

5. ስለዚህ ገጽ 46ን እንደተጨማደደች አያይዣለሁ። የእህቴን ወረቀት እኚያ ጤና ጣቢያ የሚወስዱት መምህርት ወይም የድሮው ዩኒቨርሲቲ መምህር ይረሙላት። በስድስቱ ዓመት ለተመረቁት ሁሉ ገጿ ትድረሳቸው፤ ዝርዝራቸውን ስጡኝ፣ ማባዛቱ የእኔ ፋንታ ነው። እኔን መቅጣት ከተፈለገም ሱቄ ከአዲሱ ዩኒቨርሲቲ በር ፊት ለፊት ናት፣ ሰማያዊ መዝጊያ ያላት። አልሸሽም።

መልሱን እስከ ሐሙስ እፈልጋለሁ። «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል ወረቀት እንዳትልኩልኝ፣ እሱን ሱቄ ውስጥ በየቀኑ አባዛዋለሁ። ይታረማል ወይስ አይታረምም? አንድ ቃል ጻፉልኝ።

ከከበረ ሰላምታና ከብዙ ሐሳብ ጋር፣

(ፊርማ)
በአዲሱ ዩኒቨርሲቲ በር ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው፣ የሲስተር ታላቅ ወንድም
አባሪ፦ ገጽ 46፣ ዋናው