እማዬ የኩባዎቹን ጨዋታ ያየች ዕለት

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለአምሳሉ፤

ውቅያኖስ አቋርጦ የሚደርስ ሰላምታ ካለ የእኔ ይድረስህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ትምህርትህስ? ሐምሌ በገባ ቁጥር የሚነሣብህ ሳል እዚያም ተከትሎህ ሄደ ወይስ ኩባ ሐምሌ የለም? እኛ፣ ናፍቆት በሽታ ተብሎ ካልተቆጠረ፣ ሁላችንም ደህና ነን።

ደብዳቤህ ከነፎቶግራፉ በገና ዋዜማ ደረሰን። ዘንድሮ ትምህርትህን ብትጨርስም ለስፖርት መምህርነት ሦስት ዓመት ጨምረህ ለመማር የእማዬን ፈቃድ እንደምትጠብቅ አነበብኩላት። ጉዱ የመጣው ከፎቶግራፉ ነው። አንተ ኳስ በዱላ የምትመቱበትን ጨዋታህን ልታሳየን ጠንካራ ቆብ ደፍተህ፣ ዱላ በትከሻህ ይዘህ ተነሥተሃል። እማዬ ወስዳ ከአባባ ፎቶግራፍ ጎን አደረገችው። አባባ ወጥቶ ወደቀረበት ኦጋዴን ሲዘምት የተነሣውን ታውቀዋለህ፤ የብረት ቆብ በራሱ፣ ጠመንጃ በትከሻው። አቋቋማችሁ ሳይቀር አንድ ነው። «ትምህርት እያሉ ወታደር አድርገውታል፤ የሦስት ዓመቱም ነገር ይኸው ነው» አለችና ተኛች። ጨዋታ ነው ብላት፣ በብረት ቆብ የሚጫወቱት የት አገር ነው አለችኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ አልፈረድኩባትም። ደግሞ ስለ ጨዋታው እኔስ ምን አውቄ ላስረዳት? ሁለት ሳምንት ሙሉ እህል ቀምሳለች ማለት አይቻልም።

እግዜር ሲረዳ ታዲያ፣ እዚህ ሆስፒታላችን የሚሠሩት ኩባውያን ሐኪሞች ከዓሣ አጥማጆች ማኅበራችን አሮጌ መረብ ለመኑ። መረብ የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ ቆሮሶ ዓሣ ለማጥመድ የማይሆነውን መርጬ ሰጠኋቸው። ሐይቁ ዳር አጣና ተክለው፣ መረቡን ዙሪያውን ወጥረው፣ ኳስ በዱላ መምታት እንደሚለማመዱበት ነርስ ታቢታ ነገረችኝ። ታቢታ ከእነሱ ጋር አራት ዓመት ስለሠራች ቋንቋቸውን ትሰማለች። ቅዳሜ እማዬን በግድ አስነሥቼ ወሰድኳት።

አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ መረቡ ውስጥ ቆሞ ይመታል። ኳሱ መረቡ ላይ ባረፈ ቁጥር የእኔ ልብ የቋጠርኩት ክር ላይ ነበር፤ አልተበጠሰም። ዶክተር ራሞን የሚባሉት ሽበታም ተራቸው ደርሶ ያንኑ ቆብ ሲደፉ እማዬ ክንዴን ጨመቀችው። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሄዳ ቆቡን ከሰውዬው ራስ ላይ አወለቀችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በጥፍሯ አንኳኳችው፣ በመዳፏ መዘነችው። ብረት አይደለም፤ እንደ ውሃ ጆግ ያለ ፕላስቲክ ነው። ሳቀች። አምሳሉ፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም።

ዶክተሩ እንኳን ሊቆጡ ዱላውን አስያዟትና ቀስ አድርገው ወረወሩላት። ሦስቴ ሳተች፤ በአራተኛው ነካችው። ሜዳ ላይ ቢሆን አሁን መሮጥ ነበረብዎት አሏት በታቢታ በኩል። ወዴት ብላ ጠየቀች። የመታ ሰው ሦስት ማረፊያ እየረገጠ ሜዳውን እንደሚዞር፣ የሚቆጠርለት ግን ከተነሣበት ቦታ ሲመለስ ብቻ እንደሆነ አስረዷት። እማዬ ዱላውን መለሰችላቸውና ወደ ቤት መንገድ ጀመረች።

መናኸሪያ፣ አንተን የሸኘንበት በር ጋ ስንደርስ ቆመች። አውቶቡስ ሲወጣ አየችና ለጠየቅኸው ፈቃድ መልሱን ነገረችኝ። እኔን እህትህን ብትጠይቀኝ አልፈቅድም ነበር፤ የተለየኸን ሰባት ዓመት ይበቃናል።

ብርቅዬ፣ ስትሄድ ጡት ያልጣለችው፣ ወንድሜ ድምፁ ምን ይመስላል እያለች ሰላም ትልሃለች። እትዬ ሙሉመቤት ከነልጆቻቸው ሰላም ብለውሃል። የእማዬን ቃል ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦ «ፈቅጃለሁ፣ ይዙር። ሳይመለስ ግን አይቆጠርለትም በይው።»

እህትህ ፅጌ ኩማ
አዋሳ፣ ጥር 26 ቀን 1978 ዓ.ም.