በባለቤቴ ካርድ ላይ ያረፈው የሌላ ክፍል ማህተም

ለጤና ጣቢያው ኃላፊ

ቀን፦ መጋቢት 9

ጉዳዩ፦ የሴቶች ክፍል ማህተም እንዲጠገንና የባለቤቴ ካርድ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ሰፈሩ «ዶክተር ፍሪጅ» ነው የሚለኝ፤ ሌላው ሦስት ቀን የሚታገለውን ኮምፕሬሰር እኔ ከቁርስ እስከ ምሳ አስነሳዋለሁ። የእናንተ የክትባት ፍሪጅ ሲሞት ነፍስ የዘራሁበትም እኔ ነኝ፣ ይጠይቁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ማንበብ ግን አይቸግረኝም። እንዲያውም ጉድ የሠራኝ ማንበቤ ነው።

1. ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ቶንሲል ታማ አንቲባዮቲክ ወሰደች። ከዚያ ማሳከክ ጀመራት፤ ብልቷን ማለቴ ነው፣ ለጤና ጣቢያ ስለምጽፍ አላፍርም። እናንተ ጋ መጣች፣ ፈንገስ ነው ተባለች፣ ታከመች፣ ዳነች፣ ተመለሰባት። በዓመት አራቴ። ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ግን በኋላ ነው። ያኔ «ምን ሆነሻል?» ስላት «ድካም ነው» ትለኝ ነበር።

2. አንድ ቅዳሜ ፍሪጃችንን ሳጸዳ (የራሴን ፍሪጅ ማንም አይነካውም) ከእንቁላሉ ጀርባ በጨርቅ የተጠቀለለ የእንክብል ብልቃጥ አገኘሁ። አብሮት ካርዷ አለ። ሐኪሙ የጻፈው አይነበብም። የሚነበበው ክቡ ሰማያዊ ማህተም ብቻ ነው፦ «የአባላዘር በሽታዎች ክፍል»።

3. ግቢያችን ውስጥ አስራ አንድ አባወራ አለ። አስራ አንዱም ሰማ። ባለቤቴ ልብስ እያሰጣች ነበር። «ከማን ነው ያመጣሽብኝ?» አልኳት። «ቀስ በል፣ ላስረዳህ» አለች። እኔ ካርዱን ከፍ አድርጌ ማህተሙን ጮክ ብዬ አነበብኩት። የያዘችውን አንሶላ አስጥታ ጨረሰች፣ መቆንጠጫውን አደረገች፣ ገብታ ቦርሳዋን ያዘችና እህቷ ቤት ሄደች። ይኸው ሁለት ወር።

4. እንክብሉን ይዤ ፋርማሲ ሄድኩ፣ ላጋልጣት ብዬ። ፋርማሲስቷ አይታው ሳቀች። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የአባላዘር መድኃኒት አይደለም። ፕሮባዮቲክስ ነው፤ እርጎ ውስጥ እንዳሉት ያሉ ጥሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ፈንገሱ እንዳይመለስባት ብላ ይሆናል።» «ይከላከላል?» አልኳት። «እሱ ገና በደንብ አልተረጋገጠም፤ ሐኪም ያዘዘላትን ትታ በዚህ ብቻ እንዳትተማመን። ደግሞ ፈንገስ ካልማገጡ አይመጣም ያለህ ማነው? አንቲባዮቲኩ ጥሩዎቹን ሲጨርሳቸው ለፈንገሱ ሜዳው ባዶ ይሆንለታል።» «ልክ ነሽ» ብያት ወጣሁ። እኔን የሚያውቅ ሰው ይሄን አያምንም።

5. ወደናንተ መጣሁ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ «የሴቶች ክፍል ማህተም እጀታው ከተሰበረ ዓመት አልፎታል፣ የአባላዘር ክፍሉ ጎረቤት ስለሆነ የነሱን ነው የምንመታው፤ ማህተም ያው ማህተም ነው» አለኝ። እንግዲያው ፈንገስ መሆኑን ጻፉልኝ ስል «ራሷ ትምጣ፣ የታካሚ ምስጢር ለባልም ቢሆን አንሰጥም» ተባልኩ። ልክ ናችሁ። ምስጢሯን እንደናንተ ብጠብቅላት ኖሮ ይሄን ባልጻፍኩ።

6. እህቷ ቤት በር ላይ ቆሜ ለመንኩ። ፈንገስ ነው የሚለውን ወረቀት ከጤና ጣቢያ ታውጣልኝ፣ ግቢው መሃል ቆሜ በዚያው ድምፄ አነብላታለሁ አልኩ። እህቷ «አንተ ሰውዬ፣ አሁን ደግሞ ብልቷን በወረቀት ልታነብላቸው ነው?» አለችኝ። ከውስጥ የባለቤቴ ድምፅ መጣ፦ «ማህተም ካመነ ማህተሙን ያግባ በዪው።» በሩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሦስቴ አንኳኩቻለሁ፣ አልተከፈተም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ወረቀቱን ትቼዋለሁ። የምጠይቀው የሴቶች ክፍል ማህተም እንዲጠገን ነው። እጀታ ከሆነ አምጡልኝ፣ በሩብ ሰዓት እሠራዋለሁ። ካርዷን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ያለው ማህተም ይሰረዝና የራሷ ክፍል ይመታላት። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ሰኔ 4 ነው፣ እሱ ቁጥር ስለሆነ ይነበባል። እንክብሉም «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» ስለሚል ፍሪጁ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቴርሞሜትር እያስገባሁ አያለሁ፣ አንድም ቀን አልሞቀም። የሚወስደው ሰው ግን የለም።

ማህተሙ ስለተስተካከለ ትመለሳለች ብዬ አይደለም። እህቷ ቤት የራሷ ቁም ሳጥን ገብቶላታል አሉ፤ ቁም ሳጥን የሚገባው ለሚቆይ ሰው ነው። ብቻ ሰኔ 4 ስትመጣ ካርዷን ከማንም ሳትደብቅ ይዛ እንድትወጣ እፈልጋለሁ። ማን አስተካከለው ብላ ከጠየቀች ንገሯት። ካልጠየቀች ተዉት።

ጊዜዎን ሰጥተው ስላነበቡልኝ ከሰላምታ ጋር አመሰግናለሁ፣

ፊርማ
ፍሪጅ ጠጋኙ